እጅ ሳይነካው የሚነሳና የሚዘጋ የቤት ስልክ፦ የምጣድና የስፌት ቤት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ መስመሩን መሳብ

ቦታው አዲስ አበባ፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ያለ ኩሽና ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ ይጋገርበታል፤ በቀረው ቀን እዚያው ጥግ ላይ ሰፌድና መሶብ ይሰፋበታል። በ011 የሚጀምረው መደበኛ ስልክ (የመዳብ መስመር) ሳሎን ተቀምጧል። የጋጋሪዋ እጅ ሊጥ ነው፤ የሰፊዋ እጅ ወስፌና እርጥብ አለላ ይዟል። ስልኩ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ይተዋል።

ሥራው ሳይጀመር የያዝነው መለኪያ አንድ ነው። ጥሪ ሦስት ቦታ ላይ እጅ ይፈልጋል፦ ሲነሳ፣ ሲወራ፣ ሲዘጋ። «ሃንድስ ፍሪ» ተብሎ ከሚሸጠው አብዛኛው የሚያስቀረው የመሃሉን ብቻ ነው። ለማንሳት በሊጥ ጣት ቁልፍ መጫን ካለብሽ ስፒከሩ ምን ጠቀመ? ሦስቱንም ያላሟላ ዕቃ «ሠርቷል» አይባልም።

ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ 200 ላይ አድርገን ሶኬቱን ለካን። ስልኩ እንደተዘጋ 49 ቮልት፣ እጀታው ሲነሳ 8 ቮልት። ጤነኛ ነው። ተዘግቶ ወደ 48፣ ተነስቶ ከ6 እስከ 10 ከሆነ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። ተዘግቶ ከዚያ በጣም ካነሰ ወይ መገጣጠሚያ ላይ እርጥበት ገብቷል፣ ወይ ሌላ ክፍል ያለ ስልክ በደንብ አልተዘጋም። ስልኩ ሲጠራ በዚህ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት ኤሲ ይጨመርበታል። መሰላል ላይ ቆሞ ሽቦ የሚልጥ ሰው ጥሪ ከገባበት ያስደነግጠዋል፤ ከዋናው ሳጥን ነቅላችሁ ሥሩ።

ከሳሎን እስከ ኩሽና 14 ሜትር ነው። መጀመሪያ የሳብነው ጠፍጣፋውን የስልክ ገመድ ነበር፣ በሜትር 20 ብር። የምጣዱ ገመድ የተያዘበት ሚስማር ተመትቶ ስለነበር ሥራ ለመቀነስ ብለን በዚያው አወረድነው፤ 5 ሜትር ያህል ጎን ለጎን ሄዱ። ምጣዱ ሲበራ ስልኩ ውስጥ «ህምምም» የሚል ድምፅ ገባ። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ጎኑ ያለ ያልተጠማዘዘ ሽቦ የ50 ኸርዙን ድምፅ ይለቅማል።

ጠፍጣፋውን አውጥተን የኔትወርክ ገመድ (ካት 5) አስገባን። ውስጡ አራት ጥንድ የተጠማዘዘ ሽቦ አለው፤ ለአንድ ስልክ አንድ ጥንድ ይበቃል። እዚህም ተሳሳትን፦ ሰማያዊውንና ብርቱካናማውን ያዝን። ሁለቱ ከተለያየ ጥንድ ስለሆኑ ህምታው አልተነቃነቀም። ጥቅሙ ያለው እርስ በርሳቸው መጠማዘዛቸው ላይ ነውና ሰማያዊው መያያዝ ያለበት ከገዛ ጓደኛው፣ ከሰማያዊ-ነጩ ጋር ነው። ሲስተካከል ድምፁ ጠፋ። ገመዱንም ከምጣዱ መስመር 30 ሴንቲ አራቅነው። መሻገር ግድ የሆነበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ቀጥ ብሎ ያቋርጣል እንጂ አብሮ አይሄድም።

«ሽሽሽ» የሚል ሌላ ድምፅ ቀረ። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚያው መዳብ ስለሆነ፣ የኩሽናው ገመድ ደግሞ ከስፕሊተሩ (ስልኩንና ኢንተርኔቱን ከሚለየው ትንሽ ሳጥን) በፊት ስለተቀጠለ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ስልክ ሲነሳ ሞደሙ ይቆራረጣል። ከስፕሊተሩ «ፎን» ከሚለው ቀዳዳ ሲወሰድ ሁለቱም ችግር አብሮ ሄደ።

ሳምንት 2፦ ስፒከር ብቻውን

ያገለገለ ባለ ስፒከር ስልክ፣ 900 ብር። ከምጣዱ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

መፈተኛችን ይህ ነው፦ አንድ ሰው ከውጭ ይደውላል፣ ከ1 እስከ 20 ይቆጥራል፤ ኩሽና ያለው የሰማውን በወረቀት ላይ ያሰምራል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ቁጥሩ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ይሁን፤ በተራ ከተቆጠረ ጆሮ ያልሰማውን ይሞላል።

ምጣድ ብቻ ሲሠራ በሁለቱም አቅጣጫ 20 ከ20። ቁሌት ሲቁላላ ከኩሽና የወጣው 17፣ ወደ ኩሽና የገባው 13። ጁስ መፍጫው ሲነሳ ወደ ኩሽና የገባው 4 ብቻ። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ደግሞ «ድምፅሽ ይሰማኛል፣ የኔ አይሰማሽም እንዴ?» ይላል።

ነገሩ የስፒከሩ አቅም ማነስ አይደለም። ርካሽ ስፒከር ስልክ ሁለቱን አቅጣጫ እኩል አይከፍትም፤ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ገብቶ እንዳያፏጭ፣ የሚያወራው ማን እንደሆነ እየገመተ አንዱን ከፍቶ ሌላውን ያፍናል። የማያቋርጥ የዘይት ጩኸት ሲሰማ «ሴትዮዋ ገና እያወራች ነው» ብሎ ያስባልና ደዋዩን ያፍነዋል። ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው ነገር፣ ድምፅ መጨመር፣ አፈናውን ያብሰዋል። ከ8 ወደ 5 ስናወርደው ከ13 ወደ 15 ከፍ አለ።

ሌላ የረዳን ርቀት ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የአፍ ድምፅ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የኩሽናው ጫጫታ ግን በየቦታው ያው ነው። ስለዚህ 50 ሴንቲና 1 ሜትር ጆሮ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ከምጣዱ አጠገብ 50 ሴንቲ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ አይሆንም፦ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ቀጥታ ስልኩ ላይ ነው የሚወጣው። በሁለተኛው ጋገራ ማግስት የማይኩ ቀዳዳ ላይ የዱቄትና የእንፋሎት ቅርፊት አገኘን፤ በመርፌ ሳይሆን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይነሳል።

ውሳኔ፦ ስፒከር ለስፌቱ ጥግ ይሆናል፣ ጸጥ ያለ ስለሆነ። ለምጣዱ አይሆንም።

ሳምንት 3፦ ፔዳሉ

የስፌት ሥራ ሁለት እጅ ሙሉ ይይዛል። ቀኝ እጅ በወስፌ ይበሳል፣ ግራው ስንደዶውን ይዞ ያጠብቃል፣ አለላው ደግሞ እንዳይሰበር በውሃ ርሷል። አንዱ ከተለቀቀ ዙሩ ይላላል። የቀረው እግር ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ስልኩ ላይ ያለው «ስፒከር» ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት ያነሳል፣ ሲደግሙት ይዘጋል። ከቁልፉ ሥር ያሉትን ሁለት ነጥቦች በሽቦ ወደ ውጭ አውጥቶ የእግር ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ማሰር ነው። ሦስቱም የእጅ ቦታ ባንድ ፔዳል ያልቃል።

አራት ብሎን በካቻቪቴ ተፈታ። ጎማው ሲነሳ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጥቁር የካርቦን ቁልፍ፣ ቦርዱ ላይ ደግሞ እንደ ተጠላለፈ ማበጠሪያ የሚመስል መስመር አለ። እዚያ ላይ ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቀውን ብረት) ለማስያዝ ሞከርን፤ አልያዘም። መስመሩም ካርቦን የተቀባ ስለሆነ ስታኞው እንደ ውሃ ጠብታ ተንከባለለ፤ ትንሽ ስንታገለው የአንዱ ጥርስ ካርቦን ተላጦ ወጣ። ዕድል ሆኖ «ሚዩት» የሚለው ቁልፍ ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ከቁልፉ የሚወጣውን የመዳብ መስመር በዓይን ተከትሎ ሄዶ ቀድሞ ስታኞ ያለበት ነጥብ መፈለግ፣ ለምሳሌ የአንድ ዳዮድ እግር። ካልተገኘ አረንጓዴውን ሽፋን በምላጭ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ፍቆ መዳቡን ማውጣት። ነጥቦቹ ትክክል መሆናቸውን ለማወቅ ቴስተሩን በ«ቢፕ» ላይ አታድርጉት፤ ካርቦኑ እስከ ጥቂት መቶ ኦም ሊኖረው ስለሚችል ቢፕ ላይል ይችላል። ኦም ላይ አድርጋችሁ ቁልፉ ሲጫን ቁጥሩ ከወረደ አግኝታችሁታል። ስታኞ ማቅለጫው (ሶልደሩ) 30 ዋት ይበቃል፤ ከ2 ሰከንድ በላይ አታቆዩት፣ መስመሩ ይነሳል። ሽቦው ከካት 5ቱ የተረፈው አንድ ጥንድ ነው። ከመውጫው ቀዳዳ በፊት ሳጥኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ቋጥሩት፤ ያለዚያ አንድ ሰው እግሩ ሲጠልፈው የሚነቀለው ስታኞው ነው።

የመጀመሪያው ማብሪያ ማጥፊያ፣ 150 ብር፣ ተጣለ። ሲረገጥ ተይዞ የሚቀር ዓይነት ነበር፤ ስልኩ አንድ ሰው ቁልፉን ለአስር ደቂቃ ይዞታል ብሎ ስለሚያስብ ሌላ ቁልፍ አይቀበልም፣ ለመዝጋትም ሁለት ጊዜ መርገጥ ይጠይቃል። የሚያስፈልገው እግር ሲነሳ ራሱ የሚለቅ፣ እንደ ደወል ቁልፍ ያለ ነው። ፕላስቲክ ሽፋን ያለው 400 ብር ተገኘ። የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ቤት ውስጥ አለና ያጓጓል፤ አይሆንም። ውስጡ ያለው ፍጥነት መቀየሪያ ነው፣ የተሠራውም ለ220 ቮልት ነው፤ ነገ አንድ ሰው ተሳስቶ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል።

ብረት ፔዳልም አትጠቀሙ። በመስመር ኃይል የሚሠራ ስልክ ውስጥ ያለው ቦርድ ከመስመሩ አልተለየም፤ ጥሪ ሲገባ ያ ከ75 እስከ 90 ቮልት በቦርዱ አካባቢ አለ። ኩሽና ወለል ይታጠባል፣ እግርም ባዶ ይሆናል። ፔዳሉ ፕላስቲክ፣ የሽቦው መግቢያ በሲሊኮን የተዘጋ፣ ከወለል በ2 ሴንቲ ጣውላ ከፍ ያለ።

ከዚያ ያላሰብነው ነገር መጣ። ፔዳል ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው የተፈጠረው፤ ሰፊዋ የምትቀመጠው ምንጣፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ነው። ወለል ላይ የተኛ ፔዳል ለመርገጥ ጉልበት መታጠፍ አለበት፣ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ሰፌዱ አለ። ፔዳሉን ጣውላ ላይ ቸንክረን ጣውላውን ግድግዳው ሥር አቆምነው፤ አሁን የሚጫነው በውስጥ እግር ነው፣ ቁርጭምጭሚት ብቻ ይንቀሳቀሳል። በአራት ማዕዘን የእንጨት ጠርዝም ከበብነው፤ ያለሱ ልጆች ሲያልፉ እየነኩት መስመሩ ተከፍቶ ይቀርና ደዋይ ሁሉ «ተይዟል» ይሰማል።

ለሸማኔ ይህ አይሠራም። እግሩም ሥራ ላይ ነው። ለእሱ ያው ማብሪያ ማጥፊያ በክርኑ ቁመት መቃው አጠገብ ቢታሰር ይሻላል፤ አልሞከርነውም።

ሳምንት 4፦ ከአሜሪካ የመጣው ገመድ አልባ

ባጭሩ፦ አይሰካ። ዘመድ ያመጣው ስልክ «ዴክት 6.0» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ዴክት ገመድ አልባ የቤት ስልክ የሚሠራበት የሬዲዮ ዓይነት ነው። ይህ የአሜሪካው ዓይነት ነው፣ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ። እዚህ ያ ቦታ የሞባይል 3ጂ መላኪያ (ከ1920 እስከ 1980) ውስጥ ነው የሚገባው፤ የሰፈሩን ኔትወርክ ይበጠብጣል። የአውሮፓው ዴክት ከ1880 እስከ 1900 ነው፤ የሚፈለገው እሱ ነው። አዳፕተሩም «ኢንፑት 120 ቮልት» ይላል፤ 220 ላይ ከተሰካ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ሁለቱም ጽሑፍ ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ አለ፣ ከመሰካት በፊት ይነበብ።

የአውሮፓው ዓይነት በውሰት ተሞከረ። «ሲነሳ ራሱ ይመልሳል» የሚለው አማራጭ እጀታውን ከቻርጀሩ ላይ ማንሳት ማለት ነው፤ ለሊጥ እጅ ምንም አልቀየረም። ማንኛውም የቁጥር ቁልፍ ሲነካ እንዲያነሳ የሚያደርገው ግን ይጠቅማል፦ በክርን ይቻላል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳው 2.5 ሚሊሜትር ባለ ሦስት ነጥብ ነው፤ የሞባይሉ 3.5 ባለ አራት ነጥብ ስለሆነ በርካሹ መቀየሪያ ሲሰካ ድምፅ ይሰማል፣ ማይኩ ግን ዝም ይላል። የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ስለማይገጥም ነው እንጂ ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም። ባትሪው ሁለት ባለ 1.2 ቮልት ሪቻርጀብል ነው፤ ተራ ድንጋይ ከተደረገበት ቻርጀሩ ላይ ያፈሳል።

መልሰነዋል። ባለገመድ ማዳመጫ ምጣድ አጠገብ፣ ለጋጋሪዋ ጎንበስ ቀና ሥራ፣ አደጋ ነው።

ሳምንት 5፦ ማይኩን ወደ አፍ

የሳምንት 2 ቆጠራ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ምጣዱ ጋ የሚረዳው ማይኩ አፍ አጠገብ ሲሆን ነው። ባለ አንድ ጆሮ፣ ባለ ክንድ ማይክ የብሉቱዝ ማዳመጫ ተገዛ፣ 2,400 ብር፤ ከቤቱ ያገለገለ ሳምሰንግ ጋር ተጣመረ።

ማይኩ በአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን በከንፈር ጠርዝ፣ 2 ሴንቲ ራቅ ብሎ። ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ «ፍፍ» ይላል፤ ጋጋሪ ደግሞ ምጣድ ስታሰስ ትተነፍሳለች። ቆጠራው ቁሌት እየተቁላላ 20 ከ20፣ ጁስ መፍጫው እየሠራ 18።

ጆሮ የማይዘጋውን፣ በአጥንት የሚያሰማውንም ሞከርን። ድስት ሲፈላ ይሰማል፣ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል፣ ጥሩ ነው። ግን ከጆሮ ፊት ጉንጭ አጥንት ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሻሹ ሲታሰር ገፍቶ ያነሳዋል፣ የኋላ ቀስቱም ማጅራት ላይ ካለው ቋጠሮ ጋር ይጋጫል። በሻሹ ላይ ሲደረግ ድምፁ ጠፋ። ሻሽ ለማታስር ጋጋሪ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው።

ራሱ እንዲያነሳ፦ የመደወያው አፕ፣ ሦስቱ ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ «አንሰሪንግ ኤንድ ኢንዲንግ ኮልስ»፣ ከዚያ «አንሰር አውቶማቲካሊ»። ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚነሳ ይመረጣል። የሚሠራው ማዳመጫ ሲገናኝ ብቻ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ራሱ የሚነሳ ስልክ ማንም ደውሎ የቤት ወሬ የሚሰማበት ቀዳዳ ነውና ማዳመጫው ጆሮ ላይ ከሌለ ይጥፋ። ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ በርቶ የቀረ ማዳመጫም እንደተገናኘ ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ቀን ሙሉ ጥሪ ራሱ እየተነሳ ደዋዮች የሰሙት ሬዲዮ ነበር።

እዚያው «የደዋዩን ስም አንብብ» የሚል አለ። በዚህ ስልክ ላይ በፊደላችን የተጻፈውን ስም ዘለለው፣ በላቲን የተጻፈውን አነበበ። የሚጠበቁ አምስት ስሞች ብቻ በላቲን አጠር ተደርገው እንደገና ተጻፉ። የድምፅ ማዘዣውም አማርኛ አልተቀበለም፤ እነዚያው አጫጭር ስሞች ለ«ኮል» ትእዛዝ አገለገሉ፣ ከአምስቱ አራቱ።

መዝጋቱ ግን ጎደሎ ነው። ሌላው ወገን ከዘጋ ያልቃል፤ እሷ መዝጋት ከፈለገች የማዳመጫውን ቁልፍ በእጅ አንጓ ጀርባ መግፋት አለባት። ይቻላል፣ ሊጥ ግን ሻሹ ላይ ይቀራል። ከሦስቱ ሁለት ተኩል።

ሰፊዋ ስትሠራ ሞባይል ላይ የሚደውሉት ወደ ባለ ፔዳሉ ስልክ እንዲመጡ ከሞባይሉ **21* ብሎ የቤቱን ቁጥር አስከትሎ በ# መዝጋት፤ ለመመለስ ##21#። የተዛወረው ጥሪ የሚያስከፍለው አዛዋሪውን ነው፣ ሲጨርሱ መመለስ አይረሳ።

ሳምንት 6፦ መብራት ሲጠፋ፣ ጥሪ ሳይሰማ ሲቀር

መብራት ጠፋ። ባለ ፔዳሉ ስልክ ሠራ፣ ኃይሉ ከማዕከሉ በመስመሩ ስለሚመጣ፤ ስፒከሩ ትንሽ ደከመ እንጂ። በፋይበር ለሚመጣ መስመር ይህ የለም፦ ሳጥኑ ከጠፋ ስልኩም ይጠፋል። እንዲህ ላለው ቤት የራውተር ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ)፣ 12 ቮልት የሚያወጣ፣ ያስፈልጋል። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱን ቀንሳችሁ 31 ብትሉት፣ 8 ዋት ለሚበላ ሳጥን አራት ሰዓት አይሞላም። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው «8 ሰዓት» ከዚህ ስሌት ጋር አይታረቅም።

ጁስ መፍጫው ሲጮህ ደወሉ አይሰማም። መፍትሔው ከተሰበረ ዲቫይደር የወጣች ቀይ አመልካች መብራት ናት፦ ኒዮን ነች፣ ሬዚስተሯ አብሯት አለ። በተከታታይ 0.47 ማይክሮፋራድ 250 ቮልት ካፓሲተር ጨምረን በሁለቱ የስልክ ሽቦ መካከል አሰርናት። ካፓሲተሩ 48 ቮልቱን ዲሲ ያግዳል፤ የጥሪው ኤሲ ብቻ ያልፋል። ስልክ ሲጠራ ቀይ ትብለጨለጫለች። ካፓሲተሩ ከተረሳ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፣ 48 ቮልት ኒዮን ለማብራት ስለማይበቃ፤ ግን ጥሪ ገብቶ ስትበራ ዲሲውም አብሮ ሊፈስ ይችላል፣ አይተው። መጀመሪያ ከምጣዱ በላይ ሰቀልናት፤ እንፋሎቱ መስታወቷን አደበዘዘው። አሁን በሩ መቃን ላይ ናት።

ሂሳብ፦ ካት 5 490፣ ስልክ 900፣ ፔዳል 400፣ ማዳመጫ 2,400፣ ካፓሲተር 30፣ ሲሊኮን፣ ናስትሮና ስታኞ 250። የባከነው ጠፍጣፋ ገመድ 280፣ ተይዞ የሚቀረው ማብሪያ ማጥፊያ 150። ድምር 4,900 ብር።

ያልተፈታ፦ የማዳመጫው ክንድ መጋጠሚያ በላብና በእንፋሎት መላላት ጀምሯል፤ በሁለት ዙር ናስትሮ ተይዟል፣ እስከሚቀጥለው ጋገራ ይታያል። ፔዳሉ ግድግዳ ሥር ያለው ሽቦ 40 ሴንቲው እርቃኑን ነው፤ አይጥ አንድ ቦታ ጀምራዋለች፣ ነገ ፕላስቲክ ቱቦ ይገባበታል።